በ«ሹገር» ዱካ፦ ከለንደን እስከ ሊንከንሸር

ማክሰኞ

አያቴ አውሮፕላንን የምታውቀው ከታች ሆና ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 የኢጣሊያ ቦምብ ጣዮች ደሴ ላይ ሲመጡ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ከጦሳ ግርጌ ያለችው ከተማ ስትነድ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካውያን ሆስፒታል ሳይቀር ሲመታ አይታለች። ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ላይ መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲያነጣጥሩ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እሷ ፎቶግራፉን አላየችም፤ የቀረባት ድምፁ ነው። «እንደ ንብ መንጋ ነው፤ ግን ንብ ያልፋል» ትል ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሞተር ጥገና ሥራ መያዜን ልነግራት ሄድኩ። ዝም ብላ አዳመጠችኝና፣ «ይኸኛውስ ምን ይጥላል?» አለችኝ። «ሰው ነው የሚያጓጉዝ፣ እማማ» አልኳት። መረቀችኝ፤ ያመነችኝ ግን አይመስለኝም።

ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ዘንድሮ ለንደን የምትኖረው ልጄ ዘንድ መጥቼ ምን ማየት እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ ቤተ መንግሥትም ድልድይም አላልኩም። «ላንካስተር» አልኳት፤ የእንግሊዞች የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነው። እሷ ነርስ ናት፤ የሳምንት ፈቃዷን ለእኔ ብላ ነው የወሰደችው። «አባዬ፣ ጡረታ የወጣኸው አውሮፕላን ላለማየት መስሎኝ!» አለችና ጫማዋን አደረገች።

በሰሜን ለንደን ሄንደን የሚገኘው የእንግሊዝ አየር ኃይል ሙዚየም መግቢያ አይከፈልበትም። ከኮሊንዴል የባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳል። አዳራሹ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ብዙ አውሮፕላኖች ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተው ቆመዋል። ላንካስተሩ ከሁሉም በላይ ይጎላል፤ ሆዱ ጥቁር፣ ጀርባው አረንጓዴና ቡናማ፣ ቁጥሩ አር 5868። በጦርነቱ ጊዜ የሬዲዮ ፊደል «ኤስ» የሚነበበው «ሹገር» ተብሎ ስለነበር አውሮፕላኑ በዚህ ስም ቀረ። እኛም በሀንጋር፣ በአውሮፕላን መጠገኛው አዳራሽ፣ ውስጥ መኪናን «እሷ» ማለት ልማዳችን ስለሆነ እንደዚያው እላታለሁ።

(ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሹገር የማንቸስተር ልጅ ናት። በ1942 ሰኔ መጨረሻ ስካምፕተን በሚባል የጦር ሰፈር ለነበረው 83ኛ ስኳድሮን (የአየር ጓድ) ተሰጠች፤ ያን ጊዜ ፊደሏ «ኪው» ነበር። በሐምሌ 8 ሌሊት ወደ ቪልሄልምስሃቨን ሄዳ ተመለሰች፤ የመጀመሪያዋ ነው። በ1943 መጸው ወደ አውስትራሊያውያኑ 467ኛ ስኳድሮን ተዛወረችና «ሹገር» ሆነች። በአፍንጫዋ ጎን ላይ ቢጫ ትናንሽ ቦምቦች በረድፍ በረድፍ ተሥለዋል፤ አንዱ ሥዕል አንድ ዘመቻ ነው። የምትታወቀው በ137 ዘመቻ ነው። ከሥራቸው የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የነበረው የሄርማን ጎሪንግ ፉከራ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፦ የጠላት አውሮፕላን በራይኽ (በጀርመን) ግዛት ላይ አይበርም። ያንን የጻፈው ሰው ጨዋታ አዋቂ ነበር።

ቦምቦቹን በዓይኔ መቁጠር ጀመርኩ። ሰባ ገደማ ላይ የትምህርት ቤት ልጆች መጥተው ፊቴ ቆሙና ጠፋብኝ። እንደገና አልጀመርኩም።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ልጄ ስትጠይቀኝ ነው። «እነዚህን ሁሉ የሄዱት ሰባት ሰዎች ናቸው?» አለችኝ። አይደሉም። ላንካስተር ሰባት ሰው ይይዛል፦ አብራሪ፣ የበረራ መሐንዲስ፣ አቅጣጫ መሪ፣ ቦምብ አነጣጣሪ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ ጀርባ ላይ አንድ፣ ጅራት ላይ አንድ መትረየስ ተኳሽ። አንድ ቡድን 30 ዘመቻ ከጨረሰ ያርፋል። የሚጨርሰው ግን ጥቂት ነበር። ስለዚህ በሹገር ውስጥ ቡድን በቡድን ላይ ተተካክቷል፤ አንዱ ወጥቶ ሌላው ይገባል፣ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ። ከተሠሩት 7,377 ላንካስተሮች መካከል መቶ ዘመቻ ያለፉት አርባ አይሞሉም። ወደ ግማሽ የሚጠጉት በጦርነቱ ጠፍተዋል። አውሮፕላኗ ነባር፣ ሰዎቹ እንግዳ ነበሩ።

ከአፍንጫው ሥር ጎንበስ ብዬ የአደጋ ጊዜ መውጫውን በር ፈለግሁ። ከወለሉ ጋር የተገጠመ ነው፤ ወርዱ 56 ሴንቲ ሜትር ያህል። የዚያው ዘመን ሌላው ከባድ ቦምብ ጣይ ሃሊፋክስ በአምስት ሴንቲ ሜትር ይሰፋ ነበር። አንድ ወጣት ወፍራም ልብስ ለብሶ፣ ፓራሹት ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በጨለማ፣ በሚሽከረከር አውሮፕላን ውስጥ በዚህ ሊወጣ ነው። ከተመታ ላንካስተር በሕይወት የሚወጣው ሰው ከሃሊፋክስ ከሚወጣው እጅግ ያንስ ነበር። በቦምብ ጣዮቹ እዝ ውስጥ በስሌት ክፍል ይሠራ የነበረው ፍሪማን ዳይሰን፣ በኋላ ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ የሆነው፣ ይህችን በር ዕድሜውን ሙሉ ሲያነሣት ኖሯል። እኔም በሥራ ዘመኔ ስለ አንድ ሚሊ ሜትር ከአለቆቼ ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ፤ ስለ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚጣላ ጠፍቶ ይሆን? ልጄ ክንዴን ይዛ አነሣችኝ። ጉልበቴ አሟል።

ረቡዕ

ከለንደን ወደ ሊንከን በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ምድሩ እንደ ምጣድ ዝርግ ነው፤ አንድ ጉብታ ለማየት ዓይን ይራባል። ለዚህም ነው በጦርነቱ ጊዜ ይህ አንድ ክፍለ ሀገር ከ40 በላይ የጦር አየር ማረፊያዎችን የተሸከመው። ሜዳው ለማኮብኮቢያ የተመቸ፣ ወደ ጀርመንም የቀረበ ነው።

ሊንከን ስንደርስ ግን ዳገት አለ፣ ስሙም በእንግሊዝኛ «ቀጥ ያለ ዳገት» ነው፤ ዳገቱም ስሙን አላሳፈረም። ልጄ ሁለት ጊዜ ቆማ ጠበቀችኝ። ከላይ ያለው ካቴድራል ሦስት ግንብ አለው፤ ከሩቅ ይታያል። ሌሊቱን ሙሉ በጨለማ በረው ንጋት ላይ የሚመለሱት ልጆች በደመናው መካከል ግንቦቹን ሲያዩ ቤታቸው መድረሳቸውን ያውቁ ነበር።

ውስጥ ለአየር ኃይሉ የተለየ የጸሎት ክፍል አለ። በመጻሕፍቱ ላይ በዚህ አካባቢ ከነበሩት ጦር ሰፈሮች ተነሥተው ያልተመለሱ ከ25,000 በላይ ስሞች ተጽፈዋል። አንድ ገጽ ተከፍቶ በመስተዋት ሥር ተቀምጧል። የአንድ ገጽ ስም አንብቤ ስጨርስ ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር።

ማታ ሻይ ቤት ገባን፤ ዝናብ። ሌላ የሚነገር የለም።

ሐሙስ

ከከተማው በስተደቡብ ካንዊክ የሚባል ኮረብታ ላይ የቦምብ ጣዮቹ መታሰቢያ ማእከል አለ። መሀል ሜዳ ላይ የዛገ ብረት የሚመስል ረጅም ሾጣጣ ቆሟል፤ ቁመቱ 31.09 ሜትር። ቁጥሩን ሳነብ ሳቅሁ፤ የላንካስተር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልኩ ይኸው ነው። ክንፉን አንሥተው ያቆሙት ይመስላል። በዙሪያው የብረት ግድግዳዎች አሉ፤ በፊደላቸው በኩል ብርሃን ያልፋል። ወደ 58,000 የሚጠጉ ስሞች ናቸው። ከ125,000 የአየር ተዋጊዎች 55,573 ሞተዋል፤ ከመቶው 44 ማለት ነው። የቀሩት ስሞች በምድር የሠሩት ናቸው፤ እንደ እኔ ያሉት።

ልጄ ከኋላዬ ስሞቹን ጮክ እያለች ታነባለች። የእንግሊዝ፣ የካናዳ፣ የአውስትራሊያ፣ የፖላንድ ስም ሁሉ አለ። ከካሪቢያንና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡም ተዋግተዋል። የጉያናው ሳይ ግራንት ከዚሁ ከሊንከንሸር የተነሣ አቅጣጫ መሪ ነበር፤ በ1943 ተመትቶ ሲማረክ ጀርመኖቹ ፎቶግራፉን ጋዜጣ ላይ አውጥተው «ዘሩ የማይለይ» ብለው ጻፉበት። ከጦርነቱ በኋላ ዘፋኝና ተዋናይ ሆነ። የሴራሊዮኑ ጆኒ ስማይዝም በዚያው ዓመት ተመትቶ ተማረከ፤ በኋላ የአገሩ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኗል። ሁለቱም ተርፈዋልና ግድግዳው ላይ የሉም። ልጄ ስማቸውን ሰምታ አታውቅም ነበር፤ እኔም ብሆን የሰማሁት በእርጅናዬ ነው።

በኤግዚቢሽኑ ውስጥ ያስደሰተኝ ነገር ከታች የነበሩትም መናገራቸው ነው። ጀርመናውያን አረጋውያን ልጅ ሳሉ ምድር ቤት ውስጥ ያሳለፉትን ሌሊት ያወራሉ። በሐምሌ 1943 ሃምቡርግ ላይ የተነሣው እሳት ወደ 40,000 የሚጠጋ ሰው ፈጅቷል። የእዙ አዛዥ አርተር ሃሪስ ከተማን መምታት ጦርነቱን ያሳጥራል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር፤ እስኪሞት ድረስ አልተጸጸተም። አንዲት አሮጊት ድምፁን ስትገልጽ «መንጋ» የሚል ቃል አስተርጓሚው አልተጠቀመም፤ እጇ ግን እንደ እማማ እጅ አየር ላይ ይዞር ነበር። የማዳመጫውን መሣሪያ መልሼ አስቀመጥኩት።

እንዲህ ስል ልጆቹን መክሰሴ አይደለም። አማካይ ዕድሜያቸው ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ነበር፤ በእኛ ሀንጋር ቢሆኑ ኖሮ ገና ቁልፍ አቀባዮች ናቸው።

ሻይ በምንጠጣበት ቦታ ደረቱ ላይ የበጎ ፈቃደኛ ምልክት ያለው ሽማግሌ አጠገባችን ተቀመጠ። ሙያዬን ስነግረው ወንበሩን አዞረ። አባቱ በጦርነቱ ጊዜ የሞተር ባለሙያ ነበሩ። «አውሮፕላኖቹ ሀንጋር ውስጥ የሚገቡ ይመስልዎታል?» አለኝ። ብዙው ጥገና የሚሠራው ሜዳ ላይ ነው፤ በጥር ብርድ፣ በነፋስ፣ በማታ። ጣት ከብረት ጋር ይጣበቃል፤ በጓንት ደግሞ የሞተር ሻማ አይፈታም። አራት ሞተር፣ በአንዱ ሞተር አሥራ ሁለት ሲሊንደር፣ በአንዱ ሲሊንደር ሁለት ሻማ። ዘጠና ስድስት ሻማ። ይህን ስሌት ሁለታችንም እኩል ተናገርነውና ሳቅን፤ ልጄ ስልኳን አወጣች።

ከዚያ የነገረኝን አልረሳውም። የምድር ሠራተኞቹ ዘመቻው ወዴት እንደሆነ አይነገራቸውም፤ ግን ያውቃሉ። ታንኩ እስከ አፉ ከተሞላና ቦምቡ ከቀነሰ መንገዱ ሩቅ ነው፣ በርሊን ሊሆን ይችላል። ነዳጁ አንሶ ቦምቡ ከበዛ ቅርብ ነው። ላንካስተር ወደ 9,800 ሊትር ይይዛል፤ ሙሉውን ቅዱ ሲባሉ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያ አውሮፕላኖቹ ያኮበኩባሉ፤ ባለሙያዎቹም ባዶው ቦታ አጠገብ እስከ ንጋት ይጠብቃሉ። በየመንደሩም ሰው አልጋው ላይ ሆኖ ሲሄዱ ይቆጥራል፣ ሲመለሱም ይቆጥራል።

አውሮፕላን ያልተመለሰባቸው ባለሙያዎች ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቅሁት። «ሌላ አውሮፕላን ይሰጣቸዋል» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ተከራይተን በያዝነው መኪና የሹገር 467ኛ ስኳድሮን ወደነበረበት ወደ ዋዲንግተን ሄድን። ጦር ሰፈሩ ዛሬም ይሠራል፣ አይገባም። በመንደሩ ውስጥ ለሁለቱ የአውስትራሊያ ስኳድሮኖች የቆመ የመታሰቢያ ሰዓት አለ። ሹገር በ1943 ኅዳር መጨረሻ በርሊንን ደብድባ ስትወጣ በፍለጋ መብራት ተያዘች፤ ለማምለጥ ስትወርድ ከሌላ ላንካስተር ጋር ክንፍ ለክንፍ ተጋጨች። የክንፏ ጫፍ ተቆርጦ ቀረ። አብራሪው እንደዚያ ሆና እንግሊዝ አድርሷታል። እስከ ተከታዩ ዓመት የካቲት ድረስ ስትጠገን ቆየች። ስለ አብራሪው ጀግንነት ተጽፏል፤ ስለ ክንፉ ሠሪዎች የተጻፈ አላገኘሁም። ሙያዬ አድልቶብኝ ይሆናል።

ጦርነቱ ሲያልቅ ላንካስተሮች ሌላ ሥራ አገኙ። በ1945 ሚያዝያ መጨረሻ በረሃብ ላይ ለነበሩት የኔዘርላንድ ሰዎች በዝቅታ እየበረሩ ዱቄትና የታሸገ ምግብ ጣሉ፤ ዘመቻው «መና» ተባለ። ሹገርም በግንቦት ከአውሮፓ ምርኮኞችን ወደ አገራቸው ካመላለሱት አንዷ ነበረች። ምን ይጥላል ላለችኝ ሴት ይህን የምነግርበት ጊዜ አልፏል። ማታ ለልጄ ነገርኳት፤ አያቴን በስም ብቻ ነው የምታውቃት።

ዓርብ

ስካምፕተን ተዘግቷል። አጥር፣ የታሸጉ መስኮቶች፣ ሣር። በ1943 ግንቦት 16 ሌሊት 19 ላንካስተሮች ከዚህ ተነሥተው የጀርመንን ግድቦች ለመስበር ሄዱ፤ ስምንቱ አልተመለሱም፣ ከ133 ሰዎች 53ቱ ሞቱ። ሁለት ግድቦች ተሰበሩ። እንግሊዞች ይህን ታሪክ እንደ ጸሎት በቃላቸው ይዘውታል። ጎርፉ የወሰዳቸው ከ1,300 የማያንሱ ሰዎች፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ከሶቪየት ኅብረት በግዳጅ ለሥራ የተወሰዱ ሴቶች መሆናቸው ግን በጸሎቱ ውስጥ ቀስ ተብሎ ነው የሚነበበው።

የዘመቻው መሪ ጋይ ጊብሰን ጥቁር ውሻ ነበረው፤ የተቀበረው እዚሁ ነው። የውሻውን ስም እዚህ አልጽፈውም፣ እኛን ጥቁሮችን የሚሰድቡበት ቃል ነው። ስሙ ያለበት ድንጋይ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ቆሞ በ2020 ስም በሌለው ድንጋይ ተተካ። ቅር ያላቸው ነበሩ።

ከዚያ ደግሞ በ2023 መንግሥት ይህን ባዶ ሰፈር የጥገኝነት ጠያቂዎች ማቆያ ላድርገው አለ። እስከ 2,000 ሰው ሊገባበት ነበር። የአካባቢው ሰው ታሪካችን ይነካል ብሎ ተሟገተ፤ በ2024 እቅዱ ተሠረዘ። ልጄ የምትሠራበት ክፍል ውስጥ በጀልባ ተሻግረው የመጡ የእኛ አገር ልጆች ያልፋሉ። «አባዬ፣ እዚህ ቢያስገቧቸው ኖሮ ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም፤ እሷም አልጠበቀችም።

ሹገር ከ1959 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል በዚህ በር ላይ እንደ ዘበኛ ቆማ ነበር፤ ዝናብ እየወረደባት። ወደ ሙዚየም ከተወሰደች በኋላ ቆይቶ ሌላ ላንካስተር ተተካ፤ ቁጥሩ ኤን ኤክስ 611። ነገ የምንሄደው ወደ እሱ ነው።

ቅዳሜ

ምሥራቅ ከርክቢ የቀድሞ የጦር አየር ማረፊያ ነው፤ ዛሬ እርሻ ነው፣ ሙዚየምም ነው። ባለቤቶቹ ፍሬድና ሃሮልድ ፓንተን የተባሉ ወንድማማች ገበሬዎች ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው ክሪስቶፈር በ1944 መጋቢት 30 ሌሊት ኑረንበርግ ላይ ከሞቱት አንዱ ነው፤ በዚያች ሌሊት ብቻ 95 ቦምብ ጣዮች ጠፍተዋል። ወንድማማቾቹ ዶሮ እያረቡ ባጠራቀሙት ገንዘብ የማረፊያውን መሬት፣ ቆይተውም ላንካስተሩን ገዙ። ሐውልት የሚያሠራ ብዙ ነው፤ ለወንድሙ አራት ሞተር ያለው አውሮፕላን ያቆመ ግን ሌላ አላውቅም።

ኤን ኤክስ 611 ጦርነት አላየም፤ የተሠራው በ1945 ነው። ለፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሠርቶ እስከ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ድረስ ደርሶ ተመልሷል። አይበርም፤ ግን ሞተሮቹ ይነሣሉ፣ መሬት ላይ ይሄዳል፣ ለሚከፍል ሰው ይጫናል። ልጄ ቲኬቱን ገዝታ «ልደትህ ነው በል» አለችኝ። ልደቴ ነሐሴ ነው።

በጅራቱ በኩል ባለች በር ገባን። ውስጡ ጠባብ ነው፤ ከወዲያ ወዲህ ለመሄድ ክንፎቹን የሚያያይዘውን ትልቁን ወራጅ መሻገር አለ። ወገብ ድረስ ይደርሳል። በሃያ ዓመት ልጅ ጉልበት አንድ ዝላይ፤ በእኔ ጉልበት የሁለት ሰዎች እርዳታ። ሽታው ወዲያው አወቀኝ፦ ዘይት፣ የቆየ ቀለም፣ የሞቀ ጎማ። በሬዲዮ ሠራተኛው መስኮት አጠገብ አቆሙኝ።

የመጀመሪያው ሞተር ሲነሣ በጭስ ማውጫው ሰማያዊ ነበልባል ወጣ፤ ሁለተኛው ዘገየ። ሦስተኛው ተነሥቶ ትንሽ አሳለ፤ አንድ ሻማ አመመው አልኩ በልቤ። አራቱም ሲስማሙ ድምፁ በጆሮ መግባቱን ትቶ በእግር ሥር መጣ። ሠላሳ አራት ዓመት ከሞተር ጋር ኖሬ እንዲህ ያለ አልሰማሁም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ መደሰቴን እዚህ መደበቅ ውሸት ይሆናል። ከፊቴ ያለው ወጣት እንግሊዛዊ ያለቅስ ነበር። በዚያው ቅጽበት የንቡ መንጋ ትዝ አለኝ፤ ደስታዬ አልጠፋም፣ ግን ዝም አለ።

ሣሩ ላይ ቀስ ብለን ዞረን ተመለስን። ሞተሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ፤ ብረቱ ሲበርድ የሚያሰማው ጠቅ ጠቅ ብቻ ቀረ። አስጎብኚው ወደ አፍንጫው ጎንበስ ብዬ እንዳይ ፈቀደልኝ፤ ቦምብ አነጣጣሪው በሆዱ የሚተኛበት ቦታ። በጠራው መስተዋት በኩል ሣሩ ታየኝ። ልጄ ከአጥሩ አጠገብ ቆማ ስልኳን ወደ ላይ አቅንታ ትፈልገኛለች፤ የት መስኮት ላይ እንዳለሁ አላወቀችም። እጄን አነሣሁ። አላየችኝም። ወደ ኋላው መስኮት እያየች ታውለበልብ ነበር።